ስፖርት ወዴት ይሸሻል?

እንደምን አመሻችሁ። የዛሬው ርዕሳችን የአየር ንብረት ለውጥና የአካባቢ ብክለት የስፖርቱን ኢንዱስትሪ ምን እያደረጉት እንደሆነ ነው። ከመጀመሬ በፊት አንድ ማሳሰቢያ አለችኝ። ዛሬ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። በየመሃሉ እሱን እየደጋገምኩ እንዳላሰለቻችሁ ብዬ ነው።

በቀጥታ ዶሃ እንግባ። ሴፕቴምበር 2019፣ የዓለም አትሌቲክስ ሻምፒዮና። የሴቶች ማራቶን ሊጀመር ነው። ሰዓቱ ስንት ነው? ለሌሊቱ ስድስት ሰዓት አንድ ደቂቃ ጉዳይ። አዎ፣ እኩለ ሌሊት። ሰው በሚተኛበት ሰዓት 68 ሴቶች 42 ኪሎ ሜትር ሊሮጡ መነሻው ላይ ተሰልፈዋል። ሌሊት የሆነው በቀን የማይታሰብ ስለነበረ ነው። ሌሊቱም ግን አልራራላቸውም። ሙቀቱ ከ32 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩ እርጥበት ከ70 በመቶ በላይ ነበር። ከ68ቱ 28ቱ አቋርጠው ወጡ። ሦስቱም የኢትዮጵያ ሯጮች ከነዚህ ውስጥ ናቸው። አሸናፊዋ ኬንያዊት ሩት ቼፕንጌቲች 2 ሰዓት ከ32 ደቂቃ ከ43 ሰከንድ ፈጀባት። ይቺው ሴት በዚያው ዓመት ጃንዋሪ ላይ ዱባይን በ2:17:08 ጨርሳለች። ከ15 ደቂቃ በላይ ልዩነት! እግሯ ያው እግር ነው፤ ሌላ የሆነው አየሩ ነው።

አንዳንዶቻችሁ "ዶሃ እኮ ድሮም ትሞቃለች፣ ይሄ የአየር ንብረት ለውጥ ምኑ ነው?" ልትሉ ትችላላችሁ። ልክ ናችሁ። ውድድሩን እዚያ የወሰደው ሙቀቱ ሳይሆን ሰው ነው። እኔ ታሪኩን ያስቀደምኩት ሌላ ነገር ስለሚያሳይ ነው። ስፖርት ሲጨንቀው ምን እንደሚያደርግ ያሳያል። ይሸሻል። አንዴ በሰዓት ይሸሻል፣ አንዴ በቦታ፣ አንዴ ደግሞ ጣሪያ ሥር ገብቶ ይደበቃል። ሙቀቱ፣ ጎርፉ፣ ጭሱና የቆሸሸው ውሃ እየተከተሉት ነው። እኔን የሚያሳስበኝ የመሸሻው ቦታ እየጠበበ መምጣቱ ነው።

የዶሃን ሌሊት ያዩት የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ ሰዎች ደነገጡ። ሦስት ሳምንት ሳይሞላ የቶኪዮ ኦሊምፒክ ማራቶንና የእርምጃ ውድድር ወደ ሳፖሮ እንዲዛወር ወሰኑ። ሳፖሮ ከቶኪዮ 800 ኪሎ ሜትር ያህል በስተሰሜን ናት፣ የበረዶ ከተማ። ትኬት ተሸጧል፣ መንገዱ ተዘጋጅቷል፣ ግን ሁሉም ቀረ። ከዚያስ? ኦገስት 2021 ሳፖሮም ሞቀች። ለሴቶቹ ሯጮች ውድድሩ በአንድ ሰዓት ቀደም ብሎ ጠዋት 12 ሰዓት እንደሚጀመር የተነገራቸው በዋዜማው ማታ ነው። አስቡት፣ ለኦሊምፒክ ማራቶን ዓመታት የተዘጋጀች ሴት እራቷን በልታ ልትተኛ ስትል "ነገ ሰዓቱ ተቀይሯል" ስትባል። በማግስቱ ወንዶቹ ሮጡ፣ ከ106ቱ 30ዎቹ አልጨረሱም። የሳፖሮን ስም ያዙልኝ፣ በኋላ እመለስባታለሁ።

እዚያው ቶኪዮ ሩሲያዊው የቴኒስ ተጫዋች ዳኒል ሜድቬዴቭ በጨዋታ መሃል ለዳኛው ያለውን ብዙዎቻችሁ ሳትሰሙ አትቀሩም። ጨዋታውን መጨረስ እንደሚችል፣ ግን ሊሞት እንደሚችል፣ ከሞተ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጠየቀ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን ጥያቄው ትክክለኛ ነበር ባይ ነኝ። እስካሁን ደህና አድርጎ የመለሰለት ሰው ያለ አይመስለኝም።

ለምን ሊሞት ይችላል? እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው ሙቀትን "ድካም" ብቻ አድርጎ ነው የሚያየው። ጡንቻ ሲሠራ ከሚያቃጥለው ኃይል ወደ እንቅስቃሴ የሚለወጠው አንድ አራተኛው ወይም ከዚያም በታች ነው። የቀረው ሙቀት ይሆናል። ስለዚህ የሚሮጥ ሰው በውስጡ ምድጃ ይዞ ነው የሚሮጠው። ያን ሙቀት የሚያስወጣው በዋናነት በላብ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ላብ ስለፈሰሰ ብቻ አያቀዘቅዝም። የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ በእርጥበት የጠገበ ከሆነ ላቡ አይተንም፣ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ሰውየው ውሃ እያጣ ነው፣ ግን አልቀዘቀዘም። የውስጥ ሙቀቱ 40 ዲግሪን ሲያልፍ አንጎል መምታታት ይጀምራል። ይቀባጥራል፣ ይንገዳገዳል፣ ይወድቃል። ኮሪ ስትሪንገር የሚባል የሚኒሶታ ቫይኪንግስ የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋች በ2001 በልምምድ ወቅት በሙቀት ተመትቶ ሞቷል። ገና 27 ዓመቱ ነበር፣ ግዙፍ፣ በሐኪም የተከበበ ባለሙያ።

ለዚህ ነው ቴርሞሜትር ብቻውን የማይበቃው። በስፖርቱ ዓለም የሚሠራበት መለኪያ ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ የፀሐዩን ንዳድና ነፋሱን አንድ ላይ አስልቶ ነው ቁጥር የሚሰጠው። የተጫዋቾች ዓለም አቀፍ ማኅበር ፊፍፕሮ በዚህ መለኪያ 28 ሲያልፍ ጨዋታው ወደ ሌላ ጊዜ ይተላለፍ ይላል። ፊፋ ደግሞ ለዓመታት ለውሃ እረፍት እንኳን 32 እስኪደርስ ነበር የሚጠብቀው። በሁለቱ ቁጥሮች መሃል ያለችው አራት ዲግሪ ቀላል መስላ ትታይ ይሆናል። ለሚሮጠው ሰው ግን ትልቅ ነገር ናት።

እግር ኳስ ካነሳን አይቀር። በ2025 የክለቦች ዓለም ዋንጫ ቦሩሲያ ዶርትሙንድ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ ጋር አሜሪካ ውስጥ ሲንሲናቲ ላይ ሲጫወት የዶርትሙንድ ተቀያሪዎች የመጀመሪያውን አጋማሽ ያዩት መልበሻ ክፍል ቁጭ ብለው ነው። ተጠባባቂ ወንበሩ ላይ ፀሐዩ አላስቀምጥ አለ። ልጅ ሆኜ ከተጠባባቂ ወንበር የባሰ ቦታ የለም ብዬ አስብ ነበር፣ ለካ ከሱም መባረር አለ! በዚያው ውድድር ቼልሲና ቤንፊካ ሻርሎት ላይ ጨዋታው ሊያልቅ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መብረቅ ተፈርቶ ሁለት ሰዓት ለሚጠጋ ጊዜ ቆመ። ለ2026 የዓለም ዋንጫ ደግሞ ፊፋ አየሩ ምንም ይሁን ምን በእያንዳንዱ አጋማሽ የሦስት ደቂቃ የውሃ እረፍት እንዲኖር ወሰነ። ድሮ በሕጉ ቋሚ የሆነው እረፍት አንድ ነበር፤ መሃል ላይ፣ 15 ደቂቃ። የጨዋታው ቅርጽ ራሱ ተቀየረ ማለት ነው። አሰልጣኝ በእግር ኳስ ውስጥ ታይም አውት አገኘ። ማስታወቂያ ሻጩም አገኘ፣ እሱን እንዳንረሳ።

በካታሩ የ2022 ዓለም ዋንጫ ደግሞ ውድድሩ ከጁንና ከጁላይ ሙቀት ሸሽቶ ኖቬምበርና ዲሴምበር ገባ። የአውሮፓ ሊጎች መሃል ላይ ተቋረጡ። "ታዲያ ሁሉንም ወደ ቀዝቃዛው ወር እናዙረው" የሚል ሰው አይጠፋም። ግን የእግር ኳስ ካላንደር ባዶ መደርደሪያ አይደለም። አንዱን ስትገፉት ሌላው ይወድቃል። ተጫዋቹ የሚያርፍበት ወር ይጠፋል፣ ቴሌቪዥኑ የገዛው ቀን ይበላሻል፣ ሊጉ ይጨናነቃል። በሰዓትና በወር መሸሽ እንዲህ ነው፣ አንድ ሁለቴ ይሠራል።

ሙቀት ብቻ አይደለም ደግሞ። ሳንባም አለ። በ2008 ኃይሌ ገብረሥላሴ የቤጂንግ ኦሊምፒክ ማራቶንን አልሮጥም ሲል ታስታውሳላችሁ? አስም ያለበት ሰው ነው፣ የከተማዋን የተበከለ አየር ፈራ። በ10,000 ሜትር ብቻ ተወዳደረ። ከዚያ በሴፕቴምበር መጨረሻ በርሊን ሄዶ በ2:03:59 የማራቶን የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። እውነቱን ለመናገር ቤጂንግ ለውድድሩ ብላ ፋብሪካ አስቁማ፣ መኪና ቀንሳ ስለነበር በማራቶኑ ቀን አየሩ እንደተፈራው አልሆነም፣ ኬንያዊው ሳሙኤል ዋንጂሩም በኦሊምፒክ ክብረ ወሰን አሸነፈ። ኃይሌ ተሳስቶ ነበር እንዴ? አይመስለኝም። ከወራት በፊት፣ በሳንባው ጉዳይ፣ በማይታወቅ አየር ላይ ቁማር አልጫወትም ያለ ሰው አልተሳሳተም። የሚያሳዝነው በዘመኑ አንደኛ የሆነ የማራቶን ሯጭ እንዲህ ያለ ምርጫ ውስጥ መግባቱ ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ብሷል። በ2017 ዲሴምበር ኒው ዴልሂ ላይ የስሪላንካ የክሪኬት ተጫዋቾች አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ሜዳ ገቡ፣ ጨዋታውም በየመሃሉ ቆመ። ያኔ ኮቪድ አልነበረም፤ ማስክ ያደረጉት ጭሱን ፈርተው ነው። በጃንዋሪ 2020 የአውስትራሊያ ሰደድ እሳት ጭስ ሜልቦርንን ሲሸፍን ስሎቬኒያዊቷ የቴኒስ ተጫዋች ዳሊላ ያኩፖቪች እየመራች ሳለ በሳል ተንበርክካ ወደቀችና ውድድሩን ተወች። በጁን 2023 የካናዳ ደን እሳት ጭስ ድንበር ተሻግሮ ኒው ዮርክን ብርቱካናማ ሲያደርጋት የያንኪስ የቤዝቦል ጨዋታ ተላለፈ። እሳቱ የተነሳው በመቶዎች ኪሎ ሜትሮች ርቀት ላይ ነው። ስታዲየም አጥር አለው፣ ጭስ ግን በበር አይገባም።

ውሃውስ? ፓሪስ ለ2024 ኦሊምፒክ የሴን ወንዝን ለማጽዳት 1.4 ቢሊዮን ዩሮ አወጣች። ወንዙ ውስጥ መዋኘት ከ1923 ጀምሮ የተከለከለ ነበር። ከንቲባዋ አን ኢዳልጎ ሳይቀሩ ሕዝብ እያየ ገብተው ዋኙ። ከዚያ ዝናብ መጣ። በድሮ ከተሞች የዝናብ ውሃና የቤት ፍሳሽ በአንድ ቱቦ ነው የሚሄዱት። ዝናቡ ሲበረታ ቱቦው ሞልቶ ወደ ወንዝ ይተፋል። የወንዶቹ ትሪያትሎን በአንድ ቀን ተላለፈ፣ ልምምዶች ተሰረዙ። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተጋጭቶ ታያላችሁ፤ አንዱ የቆየ የአካባቢ ብክለት ነው፣ ሌላው ኃይለኛ ዝናብ። አየሩ በሞቀ ቁጥር ብዙ እንፋሎት ይሸከማል፣ ሲጥልም በአንድ ጊዜ ነው የሚጥለው። ሪዮ ደግሞ ከ2016 በፊት ወደ ጓናባራ ባሕረ ሰላጤ ከሚገባው ፍሳሽ 80 በመቶውን አጣራለሁ ብላ ቃል ገብታ ነበር። አላደረገችውም። የሸራ ጀልባ ተወዳዳሪዎቹ እዚያው ውሃ ላይ ተወዳደሩ። ቢያንስ ፓሪስ ሞክራለች።

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ፣ ርዕሳችን ኢንዱስትሪው ነውና። በሜይ 2024 የብራዚሏ ፖርቶ አሌግሬ በጎርፍ ስትጥለቀለቅ የሁለቱ የከተማዋ ክለቦች፣ የግሬሚዮም የኢንተርናሲዮናልም ስታዲየሞች ውሃ ገባባቸው። የኢንተርናሲዮናል ስታዲየም ቤይራ ሪዮ ይባላል። ወንዝ ዳር ማለት ነው። ወንዙ ስሙን ሰምቶ መጣ እንበል። በግዛቲቱ ከ180 በላይ ሰው ሞቷልና ስለ ሣርና ስለ ወንበር ማውራት ይከብዳል። ግን የክለቡን ሒሳብ ያዥ ቦታ ሆናችሁ አስቡት። የሜዳ ትኬት የለም፣ ሱቁ ተዘግቷል፣ መለማመጃው ጭቃ ነው፣ ቡድኑ በሰው ሜዳ በሰው ሆቴል ይኖራል፣ ደመወዝ ግን በወሩ ይከፈላል። የብራዚል ሊግም ለሁለት ዙር ጨዋታዎችን አቆመ። በዚያው ዓመት ኦክቶበር መጨረሻ የስፔኗ ቫሌንሲያ በጎርፍ ስትመታ የሞተር ብስክሌት ዓለም ሻምፒዮና የመጨረሻው ውድድር ወደ ባርሴሎና ተዛወረ። ውድድሩ ተካሄደ፣ ገቢው ግን የሌላ ከተማ ሆነ። በ2015 ዲሴምበር የእንግሊዙ ካርላይል ዩናይትድ ሜዳው ሐይቅ ሆኖበት የሜዳ ጨዋታዎቹን ለሳምንታት በሌሎች ክለቦች ስታዲየም ነው ያደረገው። ትልቅ ክለብ እንዲህ ያለውን ነገር ይችለዋል። በታችኛው ሊግ ያለ ክለብ ግን የሚኖረው ከበር ላይ በሚሰበስበው ገንዘብ ነው። ኢንሹራንሱም አንዴ ከከፈለ በሚቀጥለው ዓመት ዋጋውን ይጨምራል፣ ወይ ከነጭራሹ "ጎርፍ አልሸፍንም" ይላል።

"ጣሪያ እንሥራ" የሚለው መልስ ደግሞ አለ። ፍሎሪዳ ውስጥ ትሮፒካና ፊልድ የሚባል ጣሪያ ያለው የቤዝቦል ስታዲየም አለ። በኦክቶበር 2024 ሚልተን የተባለው አውሎ ነፋስ ሲቃረብ ለነፍስ አድን ሠራተኞች መኝታ እንዲሆን ብለው ሜዳው ላይ አልጋ ደርድረውበት ነበር። እንደ መጠለያ ነው የታሰበው። ነፋሱ መጣና ጣሪያውን ቀዳዶ ወሰደው። ደግነቱ ሰው አልተጎዳም። እዚያ የሚጫወተው ታምፓ ቤይ ሬይስ የተባለው ቡድን የ2025ን ዘመን በሙሉ 11,000 ሰው በሚይዝ ትንሽ ሜዳ ተጫወተ። የጥገናው ግምት ከ55 ሚሊዮን ዶላር በላይ ነበር።

ስለ ክረምት ስፖርት ሳወራ አንድ ነገር ልመን፤ በረዶ ሸርተቴ ቆሜም አላውቅም፣ የምቆምም አይመስለኝም። ግን እዚያ የሆነውን ማየት ለሌላው ስፖርት ትምህርት ቤት ነው፣ እነሱ ቀድመው ስለደረሱበት። ቦሊቪያ ውስጥ ቻካልታያ በሚባል ተራራ 5,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ በዓለም ከፍተኛው የበረዶ ሸርተቴ ቦታ ነበር። በ2009 የበረዶ ግግሩ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ አለቀ። ከዚያ በላይ ወዴት ይሸሻል? ሰማይ ነው ያለው።

የቤጂንግ 2022 የክረምት ኦሊምፒክ ከሞላ ጎደል ሙሉ በሙሉ በሰው ሰራሽ በረዶ ነው የተካሄደው። ማሽኑ ውሃን በጫና እየረጨ ብናኙን አየር ላይ እያለ ያቀዘቅዘዋል። ሁለት ነገር ይፈልጋል፤ ብዙ ውሃና ቅዝቃዜ። አዎ፣ ቅዝቃዜ። አየሩ ራሱ ከዜሮ በታች ካልወረደ ወይ ካልተጠጋ ማሽኑም እጁን ይሰጣል። ስለዚህ በረዶ የጠፋው በሙቀት ምክንያት ከሆነ መድኃኒቱም የሚጠፋው በዚያው ምክንያት ነው። በሰው ሰራሹ ላይ መውደቅም ቀላል አይደለም፣ ጠንካራ ነው።

በካናዳ የዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የመሩት ጥናት በ2022 ወጥቷል። እስከዚያ ድረስ የክረምት ኦሊምፒክ ያስተናገዱ 21 ቦታዎችን ወሰዱ። የዓለም የካርቦን ልቀት አሁን ባለበት ከፍተኛ መንገድ ከቀጠለ በዚህ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ውድድሩን በአስተማማኝ ሁኔታ ሊያስተናግድ የሚችለው አንድ ብቻ ነው። ማን ትመስላችኋለች? ሳፖሮ። ያዙልኝ ያልኳችሁ። ያቺው የማራቶኑ መሸሸጊያ፣ ያቺው በኦገስት ሯጮቹን ያቃጠለች። ልቀቱ በፓሪስ ስምምነት መሠረት ከቀነሰ ግን ቁጥሩ ስምንት ይሆናል። በአንድና በስምንት መሃል ያለውን ልዩነት የሚወስነው በረዶ ሠሪው ማሽን አይደለም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልናደድ። የምንፈጥራቸው መፍትሔዎች አብዛኞቹ ከድጡ ወደ ማጡ ናቸው። ስታዲየም ሞቀ? ኤር ኮንዲሽነር ግጠም፤ ኤሌክትሪኩ ከነዳጅ ይመጣል። ሣር ደረቀ? ፕላስቲክ ሣር አንጥፍ። ያ ፕላስቲክ ግን ፀሐይ ሲያገኘው ላዩ ከ60 ዲግሪ በላይ ሊግል ይችላል፣ ምጣድ ላይ እንደመጫወት ነው። መሃሉ ላይ የሚሞላው የጎማ ፍርፋሪም በጫማና በጎርፍ እየወጣ ወደ አፈርና ወደ ወንዝ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ይህን ፍርፋሪ ከልክሎ የስምንት ዓመት የመሸጋገሪያ ጊዜ ሰጥቷል። ሣሩን ውሃ አጠጡት ካላችሁ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በ2016 የሕንድ ማሃራሽትራ ግዛት በድርቅ ስትመታ ፍርድ ቤት 13 የአይ ፒ ኤል (የሕንድ ሊግ) ክሪኬት ጨዋታዎች ከግዛቲቱ እንዲወጡ አዘዘ። ሰው የሚጠጣው አጥቶ ሜዳ አይጠጣም ነው ነገሩ። እኔ ዳኛው ብሆን እንደዚያው ነበር የምፈርደው፣ ክሪኬት ወዳጆች ይቅርታ አድርጉልኝ።

ስፖርቱ ራሱስ ንጹሕ ነው? ኧረ የለም። የካታር ዓለም ዋንጫ አዘጋጆች ራሳቸው የገመቱት ልቀት 3.6 ሚሊዮን ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነበር። ፊፋ ግን "ሁሉን አካክሰን ዜሮ አድርገነዋል" ብሎ አስተዋወቀ። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። በጁን 2023 የስዊዘርላንድ የማስታወቂያ ሥነ ምግባር ኮሚሽን ማስረጃ የሌለው አሳሳች አባባል ነው ብሎ ወሰነበት። በሚቀጥለው ዓመት ፊፋ ከሳዑዲው የነዳጅ ኩባንያ ከአራምኮ ጋር የስፖንሰርነት ውል ፈረመ። ከ100 በላይ ሴት ተጫዋቾች ውሉ ይሰረዝ ብለው ደብዳቤ ጻፉ። የ2030 የዓለም ዋንጫ ደግሞ በሦስት አህጉራት ነው የሚካሄደው፤ ሞሮኮ፣ ስፔንና ፖርቱጋል፣ ከዚያ መክፈቻዎቹ ኡራጓይ፣ አርጀንቲናና ፓራጓይ። ስንት አውሮፕላን እንደሚነሳ እናንተው አስቡት። የትልልቅ ውድድሮች ልቀት ትልቁ ድርሻ የሚመጣው ከጉዞ ነው፤ ደጋፊውም፣ ቡድኑም፣ ጋዜጠኛውም ሲበር። ለዚህ መድኃኒቱ ቴክኖሎጂ አይደለም። ጥቂት ውድድር፣ ቀረብ ያለ ውድድር ነው። ይሄን ግን ማንም አዘጋጅ መስማት አይፈልግም፣ ገንዘቡ የሚገኘው በማብዛት ነውና።

አንድ ጥያቄ በጽሑፍ ደርሶኛል፣ ላንብበው። "እኔ የታዳጊዎች አሰልጣኝ ነኝ። ስለ ፊፋ ምን አገባኝ፣ እኔ ምን ላድርግ?" ይላል።

ደስ የሚል ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ የሚባለው ለዚህ ነው። ሜድቬዴቭ ዳኛ መጠየቅ ይችላል። ዶርትሙንድ ማቀዝቀዣ ያለው መልበሻ ክፍል አለው። የ14 ዓመት ልጅ ግን "ሩጥ" ከተባለ ይሮጣል፣ ደክሞኛል ማለት ያፍራል። ስለዚህ ለአንተ ወንድሜ የማውቀውን ልንገርህ። ሙቀት ሲጀምር ልጆቹን ገና በመጀመሪያው ቀን ሙሉ ልምምድ ውስጥ አትክተታቸው። ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈጅበታል፣ ቀስ በቀስ ነው። ውሃ ቅጣት ወይ ሽልማት አይሁን፣ ሲጠማቸው ይጠጡ። ልጁ ከተምታታበት፣ ከተንገዳገደ፣ የማይገባ ነገር ካወራ "ይለፍለታል" ብለህ ጥላ ሥር አስቀምጠህ አትሂድ። አምቡላንስ ጥራ፣ እስኪመጣ ግን አትጠብቅ። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ንከረው። በረዶ ያለበት ገንዳ ካለ በጣም ጥሩ፣ ከሌለ ውሃ አፍስስበት፣ በእርጥብ ፎጣ ጠቅልለህ አራግብለት። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ማጓጓዝ ነው ቅደም ተከተሉ። በሙቀት የተመታ ሰው ቶሎ ከቀዘቀዘ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል። ይሄ ዕውቀት ገንዘብ አይፈልግም፣ አንድ ገንዳና አንድ ደፋር አሰልጣኝ ነው የሚፈልገው። "ዛሬ ልምምድ የለም" ለማለት የሚደፍር።

ሌላዋ ጥያቄ ደግሞ "በዚህ ምክንያት ጨርሶ የጠፋ ውድድር አለ?" ትላለች።

ጠፋ ልበል አልጠፋም ልበል፣ እናንተ ፍረዱ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ኤልፍስቴደንቶኽት የሚባል ውድድር አለ። የአሥራ አንዱ ከተሞች ጉዞ ማለት ነው። በሰሜን በፍሪስላንድ ግዛት ቦዩና ሐይቁ በረዶ ሲሆን ሰዉ በበረዶው ላይ 200 ኪሎ ሜትር ያህል በበረዶ ጫማ ይንሸራተታል፣ አሥራ አንድ ከተማ ያካልላል። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ይሳተፋል፣ ሀገሩ በሙሉ ሥራ ፈቶ ያያል። መጀመሪያ የተካሄደው በ1909 ነው። ቀን የለውም። ቀኑን የሚወስነው በረዶው ነው፤ በመንገዱ ሁሉ 15 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ካልያዘ አይፈቀድም። ስለዚህ ወደ ሌሊት ማዞር፣ ወደ ሌላ ወር መግፋት አይቻልም። ቦታም አይቀየርም፣ ከተሞቹ እነዚያው ከተሞች ናቸው። አንዳንዶቹ ኦስትሪያ ሄደው ቫይሰንዜ የሚባል ሐይቅ ላይ ዙሪያውን እየደጋገሙ ያንኑ 200 ኪሎ ሜትር ይሞላሉ፤ እነሱም "አማራጭ" ብለው ነው የሚጠሩት እንጂ በስሙ ብቻ አይጠሩትም።

እስከ ዛሬ 15 ጊዜ ተካሂዷል። የመጨረሻው ጃንዋሪ 4 ቀን 1997 ነው። ማኅበሩ ግን አልፈረሰም። አባላት አሉት፣ መዋጮ ይከፍላሉ፣ የበረዶውን ውፍረት የሚለኩ ኃላፊዎች አሉት። ብርድ ጠንከር ባለ ቁጥር ሰዉ ስለ በረዶው ውፍረት ማውራት ይጀምራል። ከዚያ ሙቀቱ ይመለሳል፣ በረዶው ይሳሳል፣ ሰዎቹም መለኪያቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው ይገባሉ።